የእትዬ ኦዴት የመጨረሻ ጠርሙስ

ቡርጎኝ፣ ጥቅምት

ወዳጄ ሬሚ፣

ትናንት ምሳ ላይ እትዬ ኦዴት፣ ባለፈው የካቲት የሞቱባቸው ባለቤታቸው ከአርባ ዓመት በላይ ያቆዩትን ቀይ ወይን ከፈቱልኝ። እኔም እንደኛ እንደ ቦርዶ ልማድ አየር አግኝቶ ይነቃቃ ብዬ ወደ መስታወት ማንቆርቆሪያ ልገለብጠው ብድግ ስል እጄን መቱኝ።

«አስቀምጥ። እናንተ የቦርዶ ሰዎች ሽማግሌም የምትቀሰቅሱት እየናጣችሁ ነው?»

ከጠርሙሱ በቀጥታ፣ ቀስ ብለው ቀዱልን። መጀመሪያ የረጠበ የጫካ ቅጠል ሸተተኝ፣ ቀጥሎ እንጆሪ። አይቡን ቆርሼ ሳልጨርስ ግን ሽታው ጠፋ።

«ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ያስለቅስህ ነበር» አሉኝ። «እንክፈተው ባልኩት ቁጥር ‹ገና ነው› ይለኝ ነበር።» ይህን ሲሉ የሚያዩት ባዶውን ወንበር ነው።

አንተም ስለ አባትህ ጠርሙስ ሃያ ዓመት ሙሉ «ገና ነው» ስትለኝ ኖረሃል። በቃ። ይህ ፖስት ካርድ እንደደረሰህ ጠርሙሱን ከተጋደመበት አንስተህ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ዝቃጩ ከሥሩ ይርጋ። የሚመጣው እሁድ ለምሳ እደርሳለሁ፤ ማንቆርቆሪያም አላስነካህም።

ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ክሎቲልድን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። መክፈቻውን ልደብቅ ብለህ ደግሞ እንዳትደክም፤ ከዚህ ገዝቻለሁ።

ያንተው አርማን