ጎተራው እስኪጠረግ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ደሴ ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? የሆድሽ እንግዳስ አሁንም እየረገጠ ያስቸግርሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሁዳዴውን ይዞ ከቤት ደብር፣ ከደብር ቤት ይመላለሳል። ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈች እንዳትዪ። አንቺ ድምፄን ከሰማሽ የደበቅሁትን ሁሉ ታወጪዋለሽ፤ ወረቀት ይሻለኛል።

«ዘንድሮ ሩዝ ለሰው ሁሉ ስትልኪ እኔን ረሳሽኝ» ያልሽው ከሆዴ አልወጣም። ለማንም አልላክንም ልጄ። ነገሩ ለእኔም በቅጡ የገባኝ አይመስለኝም፤ እንደገባኝ ልንገርሽ።

ታች ጅረቱ ዳር ያለውን የሩዝ ማሳችንን ታውቂዋለሽ። ዱሮ በስልጠናው ምን ነበር የሚሉን? ጭዱን አታውጡ፣ ከአፈሩ ጋር አርሳችሁ መልሱት፣ መሬቱ ይወፍራል። እኛም ስንመልስ ኖርን። አምና ሊድያ የምትባል አዲስ የግብርና ባለሙያ መካነ ሰላም መጣች፤ ከአፈሩም ከሩዙም ቆንጥራ ወስዳ አስመረመረች። ካድሚየም የሚባል፣ ውሎ አድሮ ኩላሊት የሚጎዳ ብረት ተገኘበት። አባትሽ ስሙን ሲሰማ፣ ይሄስ ጠበል ነው የሚያሻው አለ፤ የሰይጣን ስም መስሎት። ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲበሉትም ያው ሩዝ ነው። ሊድያ እንደምትለው ሩዙ ከመሬቱ ይጠጣዋል፤ ከፍሬው ይልቅ የሚበዛው ግን ጭዱ ውስጥ ነው። ጭዱን በመለሳችሁ ቁጥር ብረቱንም ትመልሱታላችሁ አለችን። አውጡት፣ ከውሃና ከእርሻ አርቃችሁ ከምሩት፣ ማሳው ላይም አታቃጥሉት፣ በአመዱም ይመለሳል። ትናንት የመሬቱ ምግብ ነው የተባለው ዛሬ መርዝ ሆነ? ግራ ገባኝ።

አወጣነው። ግን አባትሽን ታውቂው የለ፤ የተራበ ከብት እያለ ጭድ ተከምሮ ሲበሰብስ ማየት አይሆንለትም። ከማሳው ይውጣ እንጂ የትም ቢሄድ ያው ነው ብሎ ለጎረቤታችን ለኡምኩልሱም ሰጣት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ያቺ አንዲት ላም ናት። ላሟ ጠገበች፣ እሷም መረቀችን። እኛም ብረቱን ሸኘነው ብለን አረፍን።

ዘንድሮ ሊድያ እንደገና አስመረመረች። ያው! ቶሎ እንደማይወርድ ነግራን ነበር፤ ግን ጥቂት እንኳ ሳይቀንስ ሲቀር ለእሷም እንቆቅልሽ ሆነባት። ማሳው ዳር ቆመን ስናወራ ኡምኩልሱም ቅርጫት ሙሉ ፍግ ተሸክማ ከች አለች። ለካ ውለታ ልመልስ ብላ የላሟን ፍግ ስታመላልስ ከርማለች! እኔም አምና ክረምት ሲገባ አይቻት ነበር እኮ፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው ብዬ መርቄያታለሁ። ሊድያ ራሷን ይዛ ወደ እኛ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣ ላሟ ከበላችው ብረት አብዛኛው በእበቷ ነው የሚወጣው አለችን። በደጅ የሸኘነው እንግዳ በጓሮ ተመልሶ ገብቶልሻል።

ለእሷስ ማን ይንገራት? አባትሽ እየተንተባተበ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «ወላሂ ቄሴ፣ መሬታችሁ ይወፍር ብዬ እኮ ነው» ብላ ገና ያልተበተነውን ክምር ወደ ቅርጫቷ መልሳ በእጇ ትዝቅ ጀመር። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ አብሬ ገባሁ። እየዛቅን እንስቃለን፣ እየሳቅን እናለቅሳለን። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትለኛለች እሷው! ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በጣም አፈርሁ። ለላሟ ብረቱ ያልደረሰበትን የላይኛውን ማሳ የጤፍ ጭድ ሰጥተናታል፤ የሩዙን ጭድ ደግሞ ሊድያ ፈቅዳልን ከጭቃ አቡክተን የበረቱን ግድግዳ መረግንበት። ግድግዳ ይብላው። ከግድግዳ ወደ ማሳ የሚመለስበት መንገድ እንዳለው እንጃ፤ እኔ አሁን ምኑንም አላምንም።

የቀረው ሩዙ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ፈጽሞ፣ ለትልቅ ሰውም አዘውትራችሁ አትብሉት ብላለች። እኔ እንሽጠው አልሁ፤ አልደብቅሽም። አባትሽ ተቆጣ። የሚገዛን ሰው ቤት ነፍሰ ጡር የለችም ያለሽ ማን ነው? እሷስ የሰው ልጅ አይደለችም? አለኝ። ለዝክር እናውለው ስለው፣ ራሳችን የፈራነውን ለእግዚአብሔር? አለ። እንድፋው ስለው ደግሞ እህል መድፋት ግፍ ነው አለ። ታዲያ ምን ይሁን ብለው የጎተራውን ክዳን ገጥሞ ወደ ደብሩ ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ የመጀመሪያሽ ነውና ለመታረስ ወደ እናትሽ ቤት እመጣለሁ ማለትሽ ወግ ነው። እኔም ገና ስታረግዢ ጀምሮ አልጋሽን የት እንደማደርገው ሳስብ ነበር። ግን አትምጪ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ስንቴ ብዕሩን እንዳስቀመጥሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጃቸውን ከለከሏት ይባል፤ ይበሉ። እኔው እመጣልሻለሁ። የገንፎሽን ገብስ ከአቀስታ አስመጥቻለሁ። ከላይኛው ማሳ የገባችውን ጤፍም እፍኝ ሳናጎድል ለአንቺ አስቀምጠናታል፤ የጆንያውን አፍ አባትሽ ራሱ ነው የሰፋው። እናንተስ ምን ትበላላችሁ ብለሽ ደግሞ እንዳትነዘንዢኝ። ጠግበን ነው የምናድረው። እኛ ያረጀን ሰዎች ነን፤ አባትሽ እንደሚለው ብረት ከብረት ጋር ይስማማል። ይህን ሲል ይስቃል፣ እኔ ግን አልስቅም።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ምጡን እንደ ቀላል ነገር ታሳልፍልሽ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። አባትሽ በየቅዳሴው ስምሽን ያነሳል፤ ኡምኩልሱምም ዱዓ እያደረግሁላት ነው በይልኝ ብላለች።

ክርስትናውን ግን እዚሁ በአባትሽ ደብር ነው የምናነሳው፤ ያን ጊዜ ልጅሽን አዝለሽ ትመጫለሽ። ጎተራው አሁን ከግማሽ በታች ወርዷል። እስከዚያ ጨርሰነው፣ በእጄ ጠርጌ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ