የአደራዋ ሴይቼንቶ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 1፡30

የመጫወቻ መኪኖቼን አቧራ ማራገፍ። እንደወትሮው በአሮጌው የፓውደር ብሩሽ፣ ከቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ጀምሮ። ቮልስ። ላንድሮቨር። ሁለቱ አምቡላንሶች። ቀዩ አውቶቡስ። መነጽሬን አድርጌያለሁ። ሴይቼንቶዋን፣ ትንሿን የድሮ ታክሲ፣ አነሳሁ፣ ገለበጥኳት፣ ሆዷን አየሁ።

ጭረቶቹ የሉም።

መስኮቱ ጋ ወስጄ ደግሜ አየሁ። የሉም። ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ፣ ስጽፈው ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ።

ቡፌዬ ላይ ያሉት የብረት መኪኖች ሁሉ አዲስ ናቸው። ማለቴ፣ የድሮዎቹ መጫወቻዎች በድሮው ቅርጽና በድሮው ካርቶን እንደገና ተሠርተው የወጡ። ልጅ ሳለሁ ቂርቆስ ግቢያችን ውስጥ መኪና የወንድሞቼ ነበር፤ እኔ ዘበኛ ነበርኩ፣ እንዳይሰረቅባቸው። በሃምሳ አራት ዓመቴ ተበቀልኳቸው። የበረራ አስተናጋጅ የሆነችው የእህቴ ልጅ በተመለሰች ቁጥር አንድ ታመጣልኛለች፣ ይኸው ሠላሳ አንድ ደረሱ።

አንዷ ብቻ የኔ አይደለችም። የጋሽ ታደሰ ናት። ጡረታ የወጡ ቀያሽ፣ ካዛንቺስ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ከፈረሳው በተረፈች ቤት የሚኖሩ። ሰማያዊና ነጭ፣ የድሮ ታክሲ ቁርጥ፣ ከአውራ ጣቴ ትንሽ የምትበልጥ። ዕድሜዋ ስልሳ ዓመት ነው፣ አብዛኛውን በጥጥ ተጠቅልላ ኖራለች። ሆዷ ላይ በሚስማር የተጫሩ ሁለት መስመሮች አሉ። የጫረው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ስለሆነ፣ ሁለት። ልጁ አድጎ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጥቶ ቀረ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የቀረችው መኪናዋ ናት። ለምሠራበት መጽሔት ለምጽፈው ጽሑፍ ከእኔዋ አዲስ ሴይቼንቶ ጎን ፎቶ እንድትነሳ ብዬ ሦስት ወር ለመንኳቸው። እኛን እንደገና የተሠራ መኪና የምንሰበስበውን ሬሳ ኳዮች ነው የሚሉን። በመጨረሻ ሰጡኝና አደራ አሉኝ። አንዴ ብቻ። እሷ ናት የምትከብደው፣ አንዴ የተባለችው።

እንግዲህ ማክሰኞ። የመጽሔቱ ፎቶ አንሺ ሳሚ መጣ። ሲጫወት አሮጌዋን በአዲሷ ካርቶን ከትቶ፣ አዲሷን ውጭ ትቶ ፎቶ አነሳ። እንደዚያው ትቶ ሄደ። እኔም አላስተካከልኩ፣ ረሳሁት። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ፣ ሻማ ለኮስኩ፣ ራሔል ከልጇ ጋር መጣች። ራሔል ከኦሎምፒያ ጀርባ ናት፣ የድሮ ጎረቤቴ ልጅ። ባሏ የሞተው መስከረም ላይ ነው። ልቅሶዋ ላይ ስለቆምኩ ልታመሰግነኝ ነው አመጣጧ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ሶሊ ከአባቷ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላ እናቷን ልትገድላት ነው። ያቺ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መኪና ብድግ አደረገች። ዘልዬ ነጠቅኳት፤ የሰው አደራ ናት ብዬ። ልጅቷ እሪ አለች። ራሔል መሬት መሬት አየች። ይሉኝታ ገደለኝ። ለእንግዳ ልጅ ራቁት ዕቃ አይሰጥም፣ በካርቶን ያለው ነው የሚሰጥ። አንስቼ ሰጠኋት። ሳልከፍት። ያለ መነጽር። በሻማ።

በቃ፣ አልተሳሳትኩም። አደራዋን ያዳንኩ መስሎኝ፣ በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠኋት።

ያው ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ራሔል ጋ ደወልኩ። ንግግሬን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ ሦስት መስመር። አላስጀመረችኝም። እንዴት እንደምታመሰግነኝ እንደማታውቅ፣ ሶሊ መኪናዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አቁማ ግማሽ እንጀራ እንደበላች፣ ይዛት እንደተኛች፣ ከመስከረም ወዲህ ሳትባንን ያደረችው ትናንት ብቻ እንደሆነ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የየራሳችንን።

ወረቀቱን ቀደድኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት

አለቃዬ ጽሑፉ የት ደረሰ ትላለች። ርዕሱን ሳይቀር መርጣዋለች፣ የልጅነት ጠረን ምናምን። ሳሚ ፎቶዎቹን ልኳል። በጣም ያምራሉ፣ ዓይናቸው ይጥፋ።

ከዚያ ጋሽ ታ. ደወሉ። ለዓይን ሞራው ቀን ተሰጣቸው፤ ረቡዕ። ሁለቱም ዓይን ደመና ለብሶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ከሆነ ቆይቷል። መኪናዋን እስከ ሰኞ ባመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፣ ምን አፌን ከፈተው። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት እሷን ስለሆነ ነው።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ባዶ እጅ አይኬድ፣ ብርቱካን ገዛሁ። አዲሷን ሴይቼንቶ ቦርሳዬ ውስጥ። ለራሔል የማክሰኞዋ መኪና ጎማ ልክ አይደለም፣ ጤነኛዋን አመጣሁ አልኳት። ውሸት ቁ. 1። አመነችኝ። ሰጥቶ ነሺ እንዳልባል ነው ዙሪያውን የምሄደው።

ሶሊ ሁለቱን ወለሉ ላይ ደረደረች። አዲሷን ነዳቻት። ዝም። አሮጌዋን ነዳቻት። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ስልሳ ዓመት ዘይት ያላየ ጎማ። አዲሷን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ያንቺ አትናገርም።"

ያንቺዋ ምን ትልሻለች ብላት፣ ለአንቺማ አልነግርሽም አለች። ስንት ነገር ያነበብኩ ሰብሳቢ በሻማ ያልለየሁትን የሦስት ዓመት ተኩሏ ልጅ በጆሮዋ ለየችው።

ራሔል አፍራ፣ ልጅ ናት ትረሳዋለች ብላ ልትነጥቃት ተነሳች። ልጅቷ አላለቀሰችም። መኪናዋን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ ግድግዳው ጋ ተጣበቀች፣ አየችን። እጇን ያዝኩት፤ የራሔልን። ተይ፣ ተይ አልኩ። ብርቱካኑን ትቼ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 9 ሰ.

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፣ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ መኪኖች ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ክብደታቸው ያው። የጋሽ ታ. በጥጥ ስለኖረች ቀለሟ ብዙም አልተላጠም። ጎማው ሲጥ ማለቱን አያውቁም፤ ከወንድማቸው በኋላ የነዳት የለም። የሚለዩት ጭረቶቹና የጣሪያው ነጭ ናቸው። የእሳቸው ነጭ ከዕድሜ ብዛት የቅቤ መልክ ይዟል። ዓይናቸው ደግሞ አያይም። እስከ ረቡዕ።

ይህን ሳስብ ሚስማሩ እጄ ላይ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም።

ሁለት መስመር። አንደኛዋ ረዘም፣ ሁለተኛዋ አጠር ትላለች፤ የአሮጌዋን ሆድ ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ እያየሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ካዛንቺስ። ከአጥሩ ዳር ዳር፣ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ። ጋሽ ታ. በረንዳው ላይ ሆነው በኮቴዬ አወቁኝ። ወፈር ብለሻል ልበል፣ አረማመድሽ ከብዷል አሉኝ። ሳቅሁ።

መኪናዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገለበጧት። አውራ ጣታቸው ሆዷ ላይ ሄደ፣ መጣ። ጣቱ ረዥሟ መስመር ላይ ቆመ፣ ከዚያ አጭሯ ላይ።

"አደራሽን ተወጣሽ" አሉ።

ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። እንዲያዩ አልፈለግሁም ነበር፤ እንዲህ እንዲያምኑኝም አልፈለግሁም ነበር። ምን እንደፈለግሁ እንጃ። ሳንቡሳ አቀረቡልኝ፣ ሁለት በላሁ። እንዴት ወረደልኝ?

ስወጣ አንድ ነገር ለመኑኝ። ልጃቸው ሐዋሳ ናት፣ ከቅዳሜ በፊት ፈቃድ አላገኘችም። ረቡዕና ሐሙስ አብሬያቸው እሆን እንደሆነ። ሌላ የሚያምኑት ሰው ስለሌለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ሆስፒታል፣ መጠበቂያ ወንበር

ከመግባታቸው በፊት ልነግራቸው ነበር። እውነት። ነርሷ መጥታ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ከፍ ብሏል፣ ከዚህ ካለፈ ቀጠሮው ይተላለፋል አለች። እሰይ፣ ምክንያት አገኘሁ። ለእሳቸው ጤና ብዬ ዝም አልኩ። አየሽ እንዴት ደግ እንደሆንኩ?

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ይቸኩላል። አንዱን ዓይን ብቻ ነው ዛሬ። ነገ ፋሻው ይነሳል። ቀለም ሁሉ ሊደምቅባቸው ይችላል፣ ነጭ ነገር ከወትሮው ይልቅ ሊነጣባቸው ይችላል፣ እንዳይደነግጡ ንገሪያቸው አለኝ።

ይህን ሲለኝ ልቤ እንዴት እንደዘለለ ለማንም አልናገርም። ለአንቺ ብቻ። መውጫ ቀዳዳ ሰጠኝ፣ በሐኪም ቃል የታተመ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 8 ሰ.

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ነርሷ ፋሻውን አነሳች። ጋሽ ታ. ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት። እኔን አዩኝ። አርጅተሻልሳ አሉኝ፣ ነርሷ ሳቀች። ከዚያ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ።

መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ብዙ ጊዜ አዩዋት። የአልጋውን አንሶላ አዩ። የነርሷን ጋውን አዩ። መኪናዋን ደግመው አዩ። መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ጣሪያዋን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ። አልተቆጡም። ግራ ተጋብተው ነው የጠየቁኝ፣ ልጅ መንገድ እንደሚጠይቀው።

"ሰናይት፣ ዓይኔ ነው ወይስ መኪናዋ?"

ዓይንዎ ነው ብል አለቀ። ሐኪሙ ራሱ ይመሰክርልኛል። ነርሷ እዚያው ቆማለች፣ አዎ አባባ እንደዚያ ያደርጋል ትላለች። አዲስ ዓይናቸውን እየጠረጠሩ ይኖራሉ፣ እኔ ሳንቡሳ እየበላሁ እኖራለሁ።

"መኪናዋ ናት ጋሼ።"

ነርሷ ወጣች። ነገርኳቸው። ሳሚን፣ ሻማውን፣ ካርቶኑን፣ ራሔልን፣ ሶሊን። ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ መኪናዋን ገለበጡ።

"ይሄንንስ?"

"እኔ ነኝ። በሚስማር።"

ደብተሬ፣ መኪናዋ በስህተት ከእጄ መውጣቷን ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም ነበር። እዚህ ላይ ተለወጠ። ቁጭ አሉ። ልጅቷ ትነዳታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትነዳታለች አልኩ፣ ሲጥ ሲጥ ትላለች። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጅቷን እንዳትነኪያት። አንቺ ግን ቤቴ አትምጪ።"

አዲሷን ወንበሩ ላይ ትተው ተነሱ። ታክሲ ጠራሁላቸው። በሩን ልከፍት ስል ራሳቸው ከፈቱ። መድኃኒታቸውን ብቻ ከእጄ ተቀበሉ። በእግሬ እስከ መስቀል አደባባይ መጣሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ፎቶ ይነሳል። ባቡሩ ከላይ ያልፋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14። የጾም ቅበላ

ዓርብ ለአለቃዬ ጽሑፉ አይወጣም አልኳት። ምክንያቱን ስትጨቀጭቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ይሄ እኮ ይበልጣል፣ ይሄን ጻፊው አለች። ስልኩን ዘጋሁባት። ሰውየውን ሁለተኛ ልሸጣቸው ነው?

ዛሬ እህቴ ለቅበላው ጠርታኝ፣ ለምን አትበይም ስትለኝ አውጥቼ ነገርኳት። እሷ መላ አታጣም። ሽማግሌ ላኪ አለችኝ፤ የነፍስ አባታችንን፣ አንድ የካዛንቺስ አዛውንት፣ አንድ የሚያከብሩት የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ። ሦስት ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ጋሽ ታደሰ እምቢ አይሉም አለች። ልክ ናት፣ አይሉም። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ለሽማግሌ ሲሉ ይቅር ይላሉ፣ ቂሙን ውጠው ያቅፉኛል። ለዚህ ነው የማልልከው። ይሉኝታ አንዴ የእጄን ነጥቆኛል፣ አሁን ደግሞ በእሳቸው አንገት ላይ አላስቀምጠውም።

ከእህቴ ቤት ስመለስ ራሔል ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ደነገጠች፣ ወዲያው ትመለስ ብላ ተነሳች፤ ጋሽ ታ. ያሉትን ነገርኳት፣ ተቀመጠች። ሶሊ ከአልጋው ሥር ነበረች፣ የመኪናዋ ሲጥ ሲጥ ይሰማል። ራሔል ልጇን እያየች ወንድምየው ስሙ ማን ነበር አለችኝ። ሶሊ ስታድግ የማን መኪና እንደያዘች እንድትነግራት።

ስሙን ከማስታወሻዬ ፈለግኩ። የለም። ሦስት ወር ስለ መኪናዋ ስለምን፣ ስለ ጎማዋ፣ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ጭረቷ ስጠይቅ፣ ማስታወሻ ስይዝ፣ ስሙን አልጠየቅኩም። ገጾቹን ሁሉ ገለጥኩ፣ የትም አልጻፍኩትም። ወንድማቸው፣ ወንድማቸው፣ ወንድማቸው።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እሄዳለሁ። ብቻዬን። ብርቱካን የለም፣ መኪና የለም። አትምጪ ብለውኛል፣ ስለዚህ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። በኮቴዬ ያውቁኛል። ከከፈቱልኝ ይቅርታ ከማለቴ በፊት ስሙን እጠይቃቸዋለሁ። ካልከፈቱልኝ ማክሰኞ እመለሳለሁ።