ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ታሪኬ

ጥቅምት 4
የሸክላ ጎድጓዳ ሳህኖቼን ቂጥ ስፍቅ ዋልኩ። ጭቃው በደንብ ሲጠነክር ምላጩ ሥር የሚያወጣው ድምፅ ደስ ይለኛል... ለሰው ስነግር ይስቃል። ምኑ ያስቃል?
ባለ ጋለሪዋ የሳህኖቼን ኤግዚቢሽን ቀን ቆርጣለች። ሸክላዬን የማቃጥልበት ምድጃ የሷ ነው፤ እምቢ አይባልም። ታላቅ እህቴ፣ "አይዞሽ፣ ሰው ፊት የምናገረው እኔ ነኝ" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ እሷ ናት።

ጥቅምት 20
ሳህኖቹ ጋለሪው ውስጥ ተደረደሩ። ያምራሉ። እኔ እንኳ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 21
መክፈቻው ዛሬ ነበር። ጫጫታ፣ ሽቶ፣ መብራት... ሁሉም ባንዴ። አንድ ሰውዬ ሳይጠይቀኝ ክንዴን ያዘ። "የኔ ልጅ፣ ታሪክሽን አንብቤ አለቀስኩ።"
የቱን ታሪክ?
ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። "በልጅነቷ ከሰው ሸሽታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትደበቅ የነበረች፣ ጭንቅላቷን ከእንጨቱ ጋር ታጋጭ የነበረች..." ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም። ጆሮዬን ይዤ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።
ፎቶ አነሱኝ።

ጥቅምት 22
ሁሉም ተሸጠ። የገዙት ሳህኖቹን ነው ወይስ እኔን?
የቁም ሳጥኑን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እናታችን እንኳ ሳታውቅ ሞተች። እህቴን ጠየቅኳት።
"እንዲገባቸው ብዬ ነው።"
"ምኑ?"
"አንቺ።"

ኅዳር 2
ባለ ጋለሪዋ መጣች። ከመስታወት ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ሰው እያየኝ እንድሠራ ትፈልጋለች። "እንደዚያ ዕለት ቢብስብሽም ችግር የለም፤ እንዲያውም..." አልጨረሰችውም። እምቢ አልኩ።
"እንግዲያው ሌላ ምድጃ ፈልጊ።"
እህቴ ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ ትለማመጠኝ ነበር።

ኅዳር 9
ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ አይችልም። የቀሩኝን ሳህኖች ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ከተትኳቸው። ቀስ እያሉ ፈርሰው ጭቃ ሆኑ። አላለቀስኩም። ለምን አላለቀስኩም?

ጥር 6
ጡብ ፋብሪካ ከገባሁ ሰነበትኩ። ማሽኑ ይጮኻል፤ ግን ያው አንድ ዓይነት ጩኸት ነው፣ ይለመዳል። ፎርማኑ ወሬ አይወድም። ተግባብተናል። ቤት ስገባ ግን ጭቃ ብነካም እጄን ምንም መሥራት አያምረውም።
እህቴ ደወለች። ስልክ ማንሳት አልወድም... አነሳሁት።
"መጥቼ አለቃሽን ላናግረው። ሁኔታሽን ይወቁት።"
"ተይ።"
"ላንቺ ብዬ እኮ..."
"እትዬ፣ እኔው ነግሬያቸዋለሁ።"
"ምን ብለሽ?"
"ከኋላዬ መጥታችሁ አትንኩኝ ብዬ።"
ታልቅስ አታልቅስ በስልክ መለየት አልችልም። ዘጋሁት።