የይቅርታው ሰሌዳ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እናታችንም ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት እንደምን አደርሽ ስላት "አደርኩ፣ ምን ቸገረህ" አለችኝ።

እሑድ ለዕርቁ ለመምጣት መስማማትሽን ነግራኛለች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ሁለት ልጆቿን ባንድ አግዳሚ ላይ ሳላይ እሞታለሁ ብላ ስትፈራ ነው የኖረችው። አንቺም "ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም፤ ግን ይቅር ብለንሻል ሲሉኝ ለአንድነቱ ስል ዝም ብዬ እቆማለሁ" ብለሻታል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ወረቀት አውጥቼ መልሼ ስከት ሰነበትኩ።

የጸሎት አዳራሻችንን ብታዪው አታውቂውም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ መሐል ለመሐል የከፈልነው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ባለፈው ሳምንት ፈረሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መምህሩና ደጋፊዎቻቸው ከወዲያ ስለ ሰላም ሲዘምሩ እኛ ከወዲህ ድምፃቸውን ለመዋጥ ስለ ፍቅር እንጮህ ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ያልተረገጠ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል።

የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ የዕርቁን ቃል ይዞልኝ መጣ፤ ሰሌዳ መጻፍ ሥራዬ ስለሆነ በትልቁ ጽፌ ከመድረኩ ጀርባ እንድሰቅለው። ሦስተኛው መስመር "መምህራችንን በስም አልባ ደብዳቤ ከሳ ለመለያየታችን ምክንያት የሆነችውን እህት ይቅር ብለናል" ይላል። እሷ መሆኗ በምን ተረጋገጠ አልኩት። "አሁን ይሄ ምን ይሠራልናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ወንድሜ፤ አንድ ሰው ዝም ቢል ሁለት መቶ ሰው ይታረቃል" አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ለዕርቁ ሲሮጥ ጫማው አልቋል።

እኔም ጻፍኩት። እታለም፣ ያምራል። "ይቅር ብለናል" የሚለውን በወርቃማ ቀለም አደረግኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ያኔ አንቺ መምህሩን ፊት ለፊት ትከራከሪያቸው ነበር። "እዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ ከመጽሐፉ ያሳዩኝ" ትያቸውና አብረሽ ጸልየሽ ትወጫለሽ። እኔ ግን የመዘምራን መሪነቱን ወስደው ለሌላ ሰው ሲሰጡብኝ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን" ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ደብዳቤው መድረኩ ላይ የተገኘው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መምህሩ አዳራሹን ለሌላ ቤተ እምነት አሳልፈው ሊሰጡ ነው ይላል፤ ፊደሉ የልጅ እጅ ይመስላል። ግማሹ ሰው ደብዳቤውን አመነ፣ ግማሹ መምህሩን። ደብዳቤውን የጻፈው ማነው ሲባል ሁሉም ወደ አንቺ ዞረ። እጅ የሚስመውን ማን ይጠረጥራል? "እኔ ብሆን ስሜን እጽፍበት ነበር" ስትዪ ከጎንሽ ተቀምጬ ጫማዬን አይ ነበር። ደብዳቤው ውሸት መሆኑን እንዳንቺ አውቅ ነበር። ቀና ብዬ አንዲት ቃል ብተነፍስ አንቺም አትወጪም፣ ግድግዳውም አይቆምም።

አፍሬያለሁ። እናታችን "ልጄን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣ እጅ ይድረቅ" ባለች ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሜን ብያለሁ።

ዕርቁን የጠላሁ አይምሰልሽ። ከግድግዳው ማዶ የነበሩትን ሰዎች እኔም ናፍቄአቸዋለሁ፤ ሲፈርስ ከአንዱ ጋር ተቃቅፈን ተላቅሰናል። ነገር ግን አንቺን አንገት አስደፍተን፣ በሐሰት "አንድ ሆንን" ብንል የምንዋሸው ለሰው ብቻ አይደለም። ይህን አንቺ ድሮ ነግረሽናል፤ እኔ ዛሬ ገና ገባኝ ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ያኔም ገብቶኝ ነበር።

ስለዚህ እሑድ ነይ፤ ግን አታጎንብሺ። ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ነይ። ያ አሮጌ ወረቀት የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ቢሮ፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ያውጣውና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሽማግሌዎቹ በሁሉ ፊት ይዩአቸው። እኔ ፊት አግዳሚ ላይ እሆናለሁ፤ የትም አልሄድም። እናታችንን ብቻ አንቺ ደግፈሽ ያዢልኝ።

ጌታ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፤ የወሰድንብሽን ዓመታት እሱ በሚያውቀው ይካስሽ። እኔን ለማየት ዓይንሽ እንቢ ቢልሽም አይከፋኝም።

ታናሽ ወንድምሽ

ቀኝ እጄ ታሞ እንዳይመስልሽ፤ ደህና ነው። ይህን በግራዬ የጻፍኩት አውቄ ነው።