ቤቱ በስሜ የተጻፈ ዕለት

ሲትካ፤ ኖቬምበር 20 ቀን 1867

ውድ እህቴ ኡስቲንያ፣

የኮዲያክ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ባልሽና ልጆችሽ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ በአካል ደኅና ነን። ባለቤቴ ግላፊራና ልጆቻችን ሰላም ብለውሻል።

የሩሲያው ንጉሥ የዛሩ ባንዲራ ወርዶ የአሜሪካኖቹ ከተሰቀለ ወር አለፈው። አገሩን ከእነሰዉ ገዝተውታል ይባላል። ሩሲያ የተወለዱት ጓዛቸውን ሸክፈው መርከብ ይጠብቃሉ። እንደኛ አባቱ ከዚያ፣ እናቱ ከዚህ የሆነ ሰውስ ወዴት ይሂድ? የሽያጩ ውል ላይ “ያልሠለጠኑ ጎሣዎች” ዜግነት አያገኙም የሚል አለበት አሉ። ከከተማው አጥር ውጭ ካለው ከእናታችን ወገኖች መንደር ዘመድ ያለው ሰው ቤቱን ይነጠቃል ተብሎም ሲወራ ሰነበተ። እኔም ፈራሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ መኮንን አስተርጓሚ ይዞ ቤት ሊመዘግብ መጣ። እናታችን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ለምሳችን ዓሣ ትበልት ነበር። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የአባታችንን ትውልድ ጠየቀኝና በአገጩ ወደ እሷ እያመለከተ፣

“ይቺ አሮጊትስ?” አለኝ።

“ዓሣ ሻጭ ናት። ልትሄድ ነው” አልሁ።

በሩስኛ ነው ያልሁት። ከአባታችን ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ሩስኛ እንደምትሰማ ታውቂያለሽ። ቢላዋዋን ጠርጋ አስቀመጠች። ሻርፗን ደረበች። ለመኮንኑ እጅ ነስታ ወጣች። ግላፊራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው መናገሬን ቀጠልሁ።

በማግሥቱ መንደር ወርጄ አጎታችን ቤት አገኘኋት። ይቅር በይኝ ልል ስል ቀደመችኝ።

“ቤቱን ጻፉልህ?”

“ጻፉልኝ።”

“እሰይ። ልጆቹ አይበርዳቸውም።”

ወደ ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኋት። አልተቆጣችም። “ተመልሰው ቢመጡስ፣ ምን ትላቸዋለህ?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

እናቴ ናት ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ኡስቲንያ፣ አልወጣኝም። ጎንበስ ብዬ ከአጎታችን ቤት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም።

በጸደይ የመጀመሪያዋን መርከብ ይዘሽ ነይና ውሰጃት። ካንቺ ጋር እሺ ትላለች። ለምን ከቤቴ እንደወጣች ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው እኔው የጻፍሁልሽ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅ፤ ልጆችሽም አያሳፍሩሽ።

የእናትሽ ልጅ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ፓርፌኒ