ለፖርት ሞርስቢ የተመረጥኩት እኔ ነኝ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ቤቴሮ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የመርከቡ ሞተር ክፍል ሙቀት አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ባሕሩስ፣ አለቃህስ፣ ያ በየቀኑ ድንች የሚቀቅልላችሁ ወጥ ቤትስ እንዴት ናቸው? እማማ ደህና ናት፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ እንደወትሮዬ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እኔ ደህና አይደለሁም። አንጀቴ አርሯል፤ ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

ሐምሌ ላይ ፖርት ሞርስቢ ለሚደረጉት የፓሲፊክ ጨዋታዎች መመረጤን ባለፈው ነግሬህ ነበር። በክብደት ማንሳት ለሴቶች የደረሰን ቦታ አንድ ብቻ ነው። በማጣሪያው ሬነቴን በአሥራ ሁለት ኪሎ በልጫት ያገኘሁት ቦታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ማሸጊያው ቤት ቆሜ ውዬ፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የዛገ ብረት ሳነሳ መዳፌ ተልጦ ቢላዋ መያዝ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ማንም አልለመነኝም ያኔ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ የሬነቴ አባት ሞአንታው አንድ ጠርሙስ የኮኮናት ማር አንጠልጥሎ መጣ። የአባባ የአጎት ልጅ እንደመሆኑ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ እጄ እምቢ ብሎኛልና ይቅር በለኝ። ዓሣውን በላ፣ እማማን አመሰገነ፣ አፉን ጠረገ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ አባባን «ካይኤያ ወንድሜ፣ ቡቡቲ ልለምንህ ነው የመጣሁት፤ የልጅህን የታኦይቲን ቦታ ለልጄ ስጠኝ» አላቸው። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ቦታ ይለመናል እንዴ? ብረቱን ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ!» ብል አባባ «አንቺ ዝም በይ፤ ሰው ሲለምን አይጮህበትም» አሉኝ። ሞአንታው ሳቀ። «ምን ያስቆጣሻል የኔ ልጅ? እኛ እንደሆን የምንሄደው ባንዲራ ይዘን ለመሰለፍ ነው፤ ማን ቢሄድ መጨረሻ ነን። ሬነቴ ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም» አለኝ። አባባ ዓይኔን ሳያዩ «እሺ፣ ወስደሃል» አሉት።

ዘመድ ቡቡቲ ብሎ የለመነውን መከልከል ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። የላክህልን ሬዲዮ በቡቡቲ ሄደ፤ ብስክሌትህ በቡቡቲ ሄደች፤ የእማማ የስፌት መኪና ዛሬ ማን ቤት እንደምትጮህ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኛም ከሰው ለምነን ወስደናል፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ግን ክንዴ የቤት ዕቃ ነው እንዴ?

ከሁሉ በላይ ደሜን ያፈላው ያ «መጨረሻ ነን» ያለው ነው። አባባ ነፃ በወጣንበት ዓመት ሱቫ ሄደው አምስት ሺህ ሜትር ሮጠው መጨረሻ ወጥተዋል። ሌሎቹ ገብተው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ እሳቸው በባዶ እግራቸው ሁለት ዙር ብቻቸውን ሲሮጡ ሕዝቡ ቆሞ እንዳጨበጨበላቸው ስንት ጊዜ ነገሩን! ልጅ ሳለሁ ያኮራኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጭብጨባ ሐዘኔታ ነው። ከዚያ ወዲህም በየአራት ዓመቱ ሄደናል። ጭፈራችሁ ያምራል ይሉናል፤ ደሴታችሁ መቼ ነው የምትሰምጠው ይሉናል፤ እኛም አመስግነን እንመለሳለን። ባለፈው ዓመት ግን የእኛው ሰው ግላስጎው ላይ ብረት አንስቶ ወርቅ ሲወስድ ሞአንታው ራሱ ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ላይ ሲጨፍር በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሠልጣኜ ለነሐስ ትደርሻለሽ ብሎኛል። መጨረሻ አይደለሁም፣ ወንድም ጋሼ።

ሞአንታው «እጄን ስላመመኝ ትቼዋለሁ» የሚል ወረቀት አጽፎ እንድፈርም ላከልኝ። አልፈረምኩም። ባለፈው ሐሙስ መንደሩ በሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ማኔአባው ውስጥ ለተጓዦቹ ግብዣ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በየዘራቸው ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሬነቴ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላታል፤ እኔ ከኋላ ሳህን አቀብላለሁ። ሳህኑን አስቀመጥኩና እንደኔ ያለች ልጅ ከማትቆምበት ከመሃሉ ሄጄ ቆምኩ። «አጎቴ ሞአንታው፣ እኔም ቡቡቲ አለኝ፤ የፖርት ሞርስቢን ቦታ ስጠኝ» አልኩ። ሰው ማኘኩን አቆመ። «ይቺ ልጅ አብዳለች!» አለ ሞአንታው። ያኔ ጎረቤታችን አሮጊቷ ቲንታ ከጥግ «ምነው ሞአንታው? ስትለምን ምላስህ ረዝሞ፣ ስትለመን ጆሮህ ደነቆረ? ስጣት እንጂ!» ብለው ሳቁበት፤ ሴቶቹም ተከትለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ እያዩት ምን ይበል? «ወስደሻል» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። ሬነቴ ጉንጉኑን አውልቃ አንገቴ ላይ ስታደርግልኝ «እኔ መቼ ፈለግኩ? ብረቱን ሳየው ራሱ ያመኛል» አለችኝ በጆሮዬ። እሷስ ምንም ጥፋት የለባትም።

አባባ ግን ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። እሳቸው የሰጡትን ልጃቸው በአደባባይ መልሳ ስትለምን፣ እንዲህ ያለ ነገር በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሎ አዳራቸው ታንኳው ዘንድ ነው፤ እኔ ያቀረብኩትን አይቀምሱም። «ሽበቴን አዋረደችው» ይላሉ ለመጣው ሁሉ። ሄጄ «ያዋረድኩዎት እኔ አይደለሁም፤ መጨረሻ ነን ሲባል እሺ ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ወጥቼ አለቀስኩ፤ ያልኩትን ግን አልመልሰውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መርከብህ ወደብ ሲደርስ አባባ ሊደውሉልህ እንደሆነ እማማ ሹክ አለችኝ። ቦታውን ለሬነቴ መልሺ ብለው እኔን በቡቡቲ ሊለምኑኝ አፍረዋል፤ አንተ እንድትለምነኝ ነው የፈለጉት። ብልሃታቸውን አየህ? አስተምረህ ያሳደግከኝ አንተ ነህና እምቢ እንደማልልህ ያውቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከለመንከኝ እሰጥሃለሁ። ወረቀቱን ያኔውኑ እፈርማለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ብረት አልነካም፤ ለአንተም አልጽፍም። ስለዚህ ከስልካቸው በፊት እንዲደርስህ ይህን ደብዳቤ ነገ መርከባችሁን ሊቀላቀል በሚበረው መርከበኛ በኢዮቴባ እጅ ልኬልሃለሁ። ቡቡቲዬ ከአባባ ይቀድማል፤ እንዳትለምነኝ።

እማማ ግንባርህን ስማሃለች፤ የደረቀ ዓሣም በኢዮቴባ እጅ ልካልሃለች። ሚስትህ ልጆቹን ልታስተኛ ስለገባች የራሷን ነገ ትጽፋለች። ትልቋ ልጅህ ማንበብ ለይታለች፤ ትንሹ አሁንም አባቴ መርከብ ነው ይላል። ቲንታ «አግባ ያልኩህን ሰምተህ አግብተሃል፣ አሁን ደግሞ ና ያልኩህን ስማ» ብለውሃል። የአባባን ሰላምታ ሳይልኩልህ ከራሴ ፈጥሬ አልጽፍም። ለመርከብ ጓደኞችህ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ሐምሌ ላይ ሬዲዮ ከፍተህ የሬነቴን ስም ከሰማህ፣ ቦታዬን የወሰድከው አንተ መሆንህን እወቅ።

እህትህ ታኦይቲ

ቤቲዮ፣ ታራዋ
ግንቦት 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.