ቀዩ ዘርፍ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ደርበው፣ በፈረስ ስምዎ ለአባ ሸብር፤ እንጅባራ።

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎ ነገር ቀለለልዎ? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? ባዝራዋስ ወለደች ወይስ ገና ናት? እኔ ልጅዎ ጉልላት ሥጋዬ ደህና ነው። እዚህ ካልጋሪ ማርልቦሮ ሰፈር ያለችው ሱቄም በልብሱም በቅመሙም እየሄደችልኝ ነው።

እህቴ ብርቅነሽ በስልክ ቀድታ የላከችልኝን ድምፅዎን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በጥር ፳፫ የፈረሰኞቹ በዓል ላይ ፎቶዬን አስተልቀው ለሰው ሁሉ እንዳሳዩ ነገሩኝ። «ከፈረሱ አገጭ ሥር የተንጠለጠለው ቀይ ዘርፍ አገሩን አስቀናው፤ ከየትም ገዝተህ አሥር ላክልኝ፣ ለጓደኞቼ አድላለሁ» ብለዋል። ነጋዴ ነኝና ትእዛዝ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ግን ከየትም ገዝቼ ልልክልዎ አልችልም። ብርቅነሽ፣ አንቺም አንድ መስመር ሳትዘይ፣ ሰው ቢኖርም ድምፅሽን ሳትቀንሽ አንብቢላቸው። ዘርፍ አይደለም አባባ። ደም ነው።

የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ያውቃሉ፤ የምጽፍልዎም ከዚያው ገልብጬ ነው። ፈረሱን የገዛሁት በኅዳር ነው፤ ከኮክረን ከተማ ወዲያ ጋጣ ካላት አንዲት ነጭ አሮጊት። እዚህ ያሉ የእኛ ሙሽሮች ካባ ለብሰው በረዶ ላይ በፈረስ ፎቶ መነሣት ይወዳሉና ሥራ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ግራጫ ነው፤ ገር ነው፤ ሕፃን ጆሮውን ቢጎትተው ዝም ይላል። አሮጊቷ ሹገር ትለዋለች፤ ስኳር ማለት ነው። እርስዎ ግን ስሙን እንደ ሰሙ «ምን የሴት ወይዘሮ ስም ነው! አባ ሸብር በለው» አሉ። ቀጥለውም የራስዎን ልጓም በመንገደኛ ላኩልኝና «ይህን አጉርሰህ፣ ተቀምጠህበት፣ ፎቶውን ከጥር ፳፫ በፊት አድርስልኝ» አሉ።

ልጓሙን ሳየው አወቅሁት። ሰባት ዓመቴ ሳለ እንግዳ ፊት አፌን ከፈትሁ ብለው ያጎረሱኝ ያው ነው። «ይህ ልጅ ምላሱ በዝቷል፣ ይገራ» ብለው ዛቡን ሳብ ሲያደርጉት እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እርስዎ ረስተውት ይሆናል። እኔ የብረቱን ጣዕም አልረሳሁትም።

ፈረሱ የሚያድረው እዚያው አሮጊቷ ጋጣ ነበር፤ እሷ ልጓም ሁሉ ምድጃ ባለበት ክፍል እንዲሰቀል ታዛለች። እኔ ግን የእርስዎ ልጓም ብር የተለበጠ ነውና ከሰው ዕቃ ጋር አልሰቅልም፣ ይሰረቅብኛል ብዬ መኪናዬ ውስጥ ቆልፌ አሳደርሁት። ጥር ፬ ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር። አሮጊቷ «ዛሬ ፈረስ አይወጣም» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ፎቶ የሚያነሣልኝ ንዋይ ግን ከመሃል ከተማ ከቤልትላይን ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን ሌላም ጊዜ የለኝም አለ። እኔም የእርስዎን ቀጠሮ አሰብሁ። ጓንት አድርጌ ስለነበር የብረቱ ቅዝቃዜ አልተሰማኝም፤ አጎረስሁት።

ፈረሱ ራሱን ወደ ሰማይ ወረወረ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወኔ መጣለት፣ አሁን ገና አባ ሸብር ሆነ ብዬ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ዛቡን ጠበቅ አድርጌ ሳብሁት። በዚያ ብርድ ብረት ርጥብ ሥጋ ሲነካ ይጣበቃል፤ ሲስቡት ቆዳውን ይዞ ይወጣል። ይህን የእንጅባራ ፈረሰኛ ከየት ያውቀዋል? ሃያ ደቂቃ ጋለብሁት። በረዶው እስከ ጉልበቱ ነበር፤ ደሙ ከአገጩ ሥር ክር ክር እየሆነ ረጋ። ከርቀት ያማረ ዘርፍ ይመስላል፤ እውነትዎን ነው።

ስወርድ አሮጊቷ በመስኮት አይታን ኖሮ ሮጣ መጣች። ልጓሙን በሞቀ ውኃ አላቅቃ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንተ አፍ የማይገባውን ፈረስ አፍ ውስጥ አታስገባ» አለችኝ። እኔ አፍ ገብቶ እንደሚያውቅ አልነገርኋትም።

ንዋይ ፎቶውን ሲያሳየኝ «ብሮ፣ ደሙን ኢሬዝ ላድርገው? ሁለት ደቂቃ ነው» አለኝ፤ ላጥፋው ማለቱ ነው። ተወው አልሁት። አባቴ አምሳ ዓመት ፈረስ ላይ የኖረ ሰው ነው፣ ሲያየው ወዲያው ደውሎ «ምን አደረግኸው?» ይለኛል ብዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። የመጣልኝ ድምፅዎ ግን አሥር ላክልኝ የሚል ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ የፈረሱ ምላስ ሲሦው ሞቷል አለ። እዚህ ፈረስ ክረምቱን የሚሞቀው በሚያኝከው ድርቆሽ ነው፤ ካላኘከ ከውስጥ ይበርዳል። አሮጊቷ ገብስ በሙቅ ውኃ እየበጠበጠች በጎማ ቱቦ አጠጣችው፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደረበችለት። እኔም ሱቅ ዘግቼ እየሄድሁ ያዝሁላት። ሲያየኝ ይሸሻል ብዬ ነበር፤ አልሸሸም፤ እየመጣ ግንባሩን ደረቴ ላይ ያስደግፍ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ በጥር ፳፫ የጻፍሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሐኪሙ አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ በመርፌ ተኛ፤ ሹገር።» እዚህ የማይድን ፈረስ እንዳይሠቃይ በመርፌ ይገደላል፤ ይህም ጎረቤት ሁሉ ከብቦ ፎቶውን ሲያይልዎ በዋለበት ቀን መሆኑ ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ ነው አልልም። ያጎረስሁት እኔ ነኝ፤ የሳብሁትም እኔ ነኝ። በፎቶው ማማር የኮሩትን ያህል ግን በደሙም ድርሻ አለዎት።

እማዬን «ጉልበትሽን ስሞሻል» ይበሉልኝ፤ ለሳሉ የሚሆን ማር ልኬላታለሁ። ለብርቅነሽ፣ እስከዚህ ስላነበበች፣ የጠየቀችኝን ጫማ ልኬላታለሁ። ለአጎቴ ለኪራኮስ ሹራብ አለው። ባዝራዋን ግንባሯን ይዳብሱልኝ፤ ከወለደችም ለውርንጭላው አባ ሸብር የሚል ስም እንዳያወጡለት እለምንዎታለሁ።

ለእርስዎ ደግሞ የወደዱትን ቀይ ነገር ልኬያለሁ። ከጥቅሉ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኙታል። ልጓምዎ ነው፤ አላጠብሁትም።

ልጅዎ ጉልላት ደርበው
ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ
የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.